ባንድ ተከትለው የከረሙ ሰዎች

በኛ አገር ልማድ መንገድ የሚወጣው አዝማሪው ነው። ማሲንቆውን አንግቶ ሰርግ ካለበት፣ ጠጅ ካለበት፣ ሰው ከተሰበሰበበት ይደርሳል፤ አድማጩ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አሁን የምናወራው የተገላቢጦሹን ነው። በአሜሪካ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1995 ድረስ አንድ የሮክ ባንድ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወር፣ አድማጮቹ አሮጌ መኪና እየነዱ ከኋላው ይከተሉት ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ማታ ሰምቶ ወደ ቤት መመለስ እንዳይመስላችሁ፤ ሳምንት፣ ወር፣ የዕረፍት ጊዜውን ሙሉ። አንዳንዱማ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ባንዱ ግሬትፉል ዴድ ይባላል፤ ተከታዮቹን ዴድሄድ አሏቸው።

ስለ ዴድሄዶች የተጻፈው አብዛኛው ወይ ማድነቅ ነው ወይ ማላገጥ። አድናቂው ነገሩን ከስለት ጉዞ ጋር ያመሳስለዋል፤ አላጋጩ የሥራ ፈቶች ጉዞ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛን ሁለቱም አላረኩንም። ስለት ያለበት ሰው የሚሄድበትን ቦታ ያውቃል፣ ቀኑንም ያውቃል፤ ቦታው አይንቀሳቀስም። እነዚህ ግን የሚከተሉት ራሱ የሚጓዝ ነገር ነው። ሥራ ፈት ናቸው እንዳይባልም፣ እንደምናየው፣ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የሚያምርበት ተራ ጥያቄ መጠየቅ ነው እንላለን፤ ለመሆኑ በምን ገንዘብ ሄዱ? የት አደሩ? ያንኑ ባንድ መቶ ጊዜ መስማት ምን ይፈይዳል? ደግሞስ 30 ዓመት የቆመውን ነገር ምን አፈረሰው?

ስሙ ራሱ ፍንጭ አለው። ባንዱ በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሎ አልቶ በምትባል ከተማ ሲቋቋም ዋርሎክስ ነበር የሚባለው። ስም መቀየር ግድ ሲሆን ጊታር ተጫዋቹ ጄሪ ጋርሲያ መዝገበ ቃላት ገልጦ ዓይኑ ያረፈበትን ሐረግ እንደ መረጠ ራሱ ተናግሯል። ሐረጉ የአንድ የቆየ ተረት ስም ነው፤ ውለታ የማይረሳ ሙት እንደ ማለት። በተረቱ አንድ መንገደኛ ዕዳውን ሳይከፍል በመሞቱ ቀብር የተነፈገ ሰው ሬሳ ያገኛል። ያለችውን ገንዘብ አውጥቶ ዕዳውን ይከፍልለታል፣ ያስቀብረዋልም። ጥቂት እንደ ተጓዘ አንድ የማያውቀው ሰው ይቀላቀለውና ከአደጋ ሁሉ ያወጣዋል፤ በመጨረሻ ማንነቱ ሲታወቅ ለካስ ያ የተቀበረው ሙት ነው። ይህ ነገር ለኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። መጽሐፈ ጦቢት ላይ ጦቢት ሙታን እየቀበረ መከራ ሲያይ፣ ልጁ ጦብያ መንገድ ሲወጣ ደግሞ ሩፋኤል የማይታወቅ ባልንጀራ መስሎ አብሮት ሲጓዝ እናነባለን፤ የተረት ተመራማሪዎችም ሁለቱን አዛምደዋቸዋል። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ሙትም አለ፣ ዕዳም አለ፣ የመንገድ ጓደኛም አለ። ዕዳው ኋላ ላይ ይመጣል፤ ለጊዜው መንገዱን እንይ።

የአሜሪካ መንግሥት በ1956 ባወጣው ሕግ 41,000 ማይል አውራ ጎዳና ለመዘርጋት ወሰነ። ወደ 66,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የመከላከያም የንግድም ምክንያት ተሰጥቶታል፤ ወጣቶች ዘፈን ለመስማት ይንከራተቱበታል ብሎ ያጸደቀው ሰው መቼም አይኖርም። በዓመቱ፣ በ1957፣ የጃክ ኬሩዋክ ልብ ወለድ «ኦን ዘ ሮድ» ታተመ። በመጽሐፉ ዲን ሞሪያርቲ ተብሎ የተሳለው ኃይለኛ ሾፌር የተቀዳው ኒል ካሳዲ ከሚባል እውነተኛ ሰው ነው። ደራሲው ኬን ኪዚ በ1964 ጓደኞቹን በተዥጎረጎረ አውቶቡስ ጭኖ ከካሊፎርኒያ እስከ ኒው ዮርክ ሲጓዝ መሪውን የጨበጠው ይኸው ካሳዲ ነው። ኪዚ ከዚያ በኋላ ባዘጋጃቸው ድግሶች ላይ ደግሞ ሙዚቃውን የሚጫወቱት ገና ያልታወቁት የፓሎ አልቶ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ባንዱ ሲወለድም ከመንገድና ከአውቶቡስ ጋር ነው የተወለደው። በድግሶቹ ላይ ኤል ኤስ ዲ ይታደል ነበር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ እስከ ኦክቶበር 1966 ድረስ በሕግ አልተከለከለም። ይህን ያነሳነው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም፤ በኋላ ብዙ ወጣት እስር ቤት የሚገባው በዚሁ ሰበብ ነው።

ታዲያ ለምን ይከተላሉ? የጊዜው ባንዶች አብዛኞቹ አንድ የዘፈን ዝርዝር ያወጡና በየከተማው ያንኑ ይደግሙታል። ግሬትፉል ዴዶች ግን የትናንቱን ዛሬ አይጫወቱትም። በመቶ ከሚቆጠሩ ዘፈኖቻቸው የትኛው እንደሚመጣ አድማጩ አያውቅም፤ መድረክ ላይ ያሉትም አንዳንዴ አያውቁም። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፣ መሀል ላይ ዜማው ይጠፋል፣ ፍለጋ ይገባሉ፣ ይገኛል ወይም ሳይገኝ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ደካማ ምሽት ብዙ ነበራቸው። ማጅራት የሚያሳክክ፣ ግጥም የሚረሳበት፣ ጊታሩ የማይቃኝበት ምሽት። ግን እኮ ይህም የመከተያ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ካልተሳካ ነገ በሚቀጥለው ከተማ ሊሳካ ይችላልና። ዛሬ የቀረ ሰው ደግሞ ያ ዛሬ የሆነው ተመልሶ አይመጣለትም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ 2,300 ጊዜ መድረክ ወጥተዋል፤ ከነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት አልነበሩም።

ባንዱም ተከታዮቹን ፈልጓቸዋል። በ1971 ያወጣው ሸክላ ውስጥ አድማጮች ስምና አድራሻቸውን እንዲልኩ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ታትሞ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ባንዱ የት፣ መቼ እንደሚጫወት ለነዚህ ሰዎች በፖስታ ይነገራቸው ጀመር። ሻጭና ገዢ መሀል ነጋዴው እንዲወጣ ማድረግ ማለት ነው። ይህ አሠራር በ1983 ደግሞ ወደ ቲኬት ሽያጭ ተሸጋገረ፤ ባንዱ የራሱን ቢሮ ከፍቶ ለአድማጩ በፖስታ መሸጥ ያዘ። ፈላጊው ስልክ ደውሎ የተቀዳ መመሪያ ያዳምጣል፣ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ገንዘቡን በማኒ ኦርደር ያሲዛል፣ ማኅተሙም በተባለው ቀን የተመታ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ዕድላቸው የሚቃና መስሏቸው ፖስታውን በቀለም ያስጌጡት ነበር። ጽጌረዳው፣ አጽሙ፣ ራስ ቅሉ፣ ሁሉም በእጅ የተሳለ። ለቢሮ ሠራተኛ ደብዳቤ ማስጌጥ! እስቲ እኛ ለሬጅስትራር ማመልከቻ ስንጽፍ እንዲህ አድርገን እናውቃለን?

የመንገዱን ክብደት ለማወቅ የ1973ቱን የዋትኪንስ ግሌን ነገር ማየት ይበቃል። ጁላይ 28 ቀን በኒው ዮርክ ስቴት ባለው የመኪና ውድድር ሜዳ ሦስት ባንዶች ለመጫወት ተቀጠሩ፤ ኦልማን ብራዘርስ፣ ዘ ባንድ እና ግሬትፉል ዴድ። የተሸጠው ቲኬት 150,000 ነው። የመጣው ሰው ግን 600,000 ገደማ ተገመተ። መንገዱ ሲዘጋ ሰዉ መኪናውን ዳር ጥሎ በእግሩ ገባ። ዋዜማውን ባንዶቹ መሣሪያቸውን ሲሞክሩ ሜዳው አስቀድሞ ሞልቶ ስለ ነበር፣ የግሬትፉል ዴድ ሙከራ ራሱ ሙሉ ጨዋታ ሆኖ ዐረፈው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ነዳጅ ተወደደ። የዐረብ አገሮች ዘይት አንሸጥም ባሉ ጊዜ የአሜሪካ ማደያዎች በሰልፍ ተጨናነቁ። ይኸው የዋጋ ንረት ነው እዚህ አገራችን በየካቲት 1966 (ይህቺ በኛ አቆጣጠር ናት) አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ነጂዎችን አሳድሞ ከሌሎች ብሶቶች ጋር ዙፋን እስከ መነቅነቅ የደረሰው። እዚያ የነቀነቀው አነስተኛ ነገር ነው፤ ግን ለርዕሳችን ትልቅ ነው። ባንዱ በ1974 «የድምፅ ግንብ» የተባለ፣ ከ600 በላይ ድምፅ ማጉያ ያለውና 75 ቶን ገደማ የሚመዝን መሣሪያ ይዞ ይዞር ነበር። አንዱ መድረክ ሲሠራበት ሌላው ቀድሞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይጫናል። የጭነት መኪናው፣ ቤንዚኑ፣ የሠራተኛው ደሞዝ... ሊቻል አልቻለም። በኦክቶበር 1974 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አምስት ምሽት ተጫውተው ዕረፍት ወጡ፤ ወደ መንገድ የተመለሱት በጁን 1976 ነው። ግንቡ ፈርሶ፣ ጓዙ ቀሎ።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ተከታዩ በትክክል ኅብረተሰብ የሆነው። አዳራሹ ውጪ ያለው የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ገበያ ሆነ። እኛ ጉልት የምንለው ነው፤ ልዩነቱ በየሁለት ቀኑ ከተማ መቀየሩ። አንዷ በትንሽ ምድጃ አይብ በዳቦ ትጠብሳለች፣ አንዱ በቀለም የተነከረ ካናቴራ ገመድ ላይ ሰቅሏል፣ ሌላው መኪናው ኮፈን ላይ ጨሌ ደርድሯል። የዛሬውን ሽያጭ የነገ ቤንዚን ያደርጉታል። ገበያውን «ሼክዳውን ስትሪት» አሉት፤ ባንዱ በ1978 ያወጣው ሸክላ ስም ነው። ቲኬት የሌለው ሰው በሜዳው መሀል አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ይዞራል፤ የተረፈ ቲኬት ያለው ካየው ይሰጠዋል፣ አንዳንዴም በነፃ። ማደሪያው ያው መኪናው ነው። ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ለመራቅ የሚታገሉት ሳይቀሩ በየኮንሰርቱ ዕረፍት ላይ ቢጫ ፊኛ ባለበት ተሰብስበው ይደጋገፉ ነበር። ከሁሉ እኛን ያስገረመን ግን መስማት የተሳናቸው ተከታዮች ጉዳይ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸው፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቆሞላቸው፣ ፊኛ በሁለት እጃቸው ይዘው የባሱን ንዝረት በመዳፋቸው «ይሰሙ» ነበር። ሙዚቃ ለመስማት ብቻ ነው የተጓዙት የሚል ሰው ይህን ምን ይለዋል?

አሁን ወደ ካሴቱ እንምጣ፤ የታሪክ ተማሪን የሚያቁነጠንጠው ይህ ነው። ሌሎች ባንዶች አድማጭ መቅጃ ይዞ ቢገኝ ይነጥቁት ነበር። ግሬትፉል ዴዶች መጀመሪያ አይተው እንዳላዩ አለፉ፤ በኋላም በኦክቶበር 1984 በርክሊ ላይ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሰጡ። ሕጉ አንድ ነው፦ መለዋወጥ ይቻላል፣ መሸጥ አይቻልም። ማይክሮፎናቸውን በረጅም ብረት ላይ ሰቅለው ጫካ መስለው ይቆማሉ። ከዚያ ካሴቱ ጉዞ ይጀምራል። ያልደረሰው ሰው ባዶ ካሴትና የመልስ ፖስታ ይልካል፣ ሁለት ቴፕ አገናኝቶ የሚገለብጥለት ይገኛል። ካሴት ያገላበጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከቅጂ ቅጂ በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው እየጨመረ፣ ዘፈኑ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ «ስንተኛ ትውልድ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ልክ የብራና ቅጂዎች ዘር እንደሚቆጠረው። በ1987 ደግሞ ተከታዮች ራሳቸው ባንዱ የትኛው ቀን ምን እንደ ተጫወተ የሚዘረዝር «ዴድቤዝ» የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ዲግሪም አልተሰጣቸውም። ሥራ ፈቶች ተብለው የተናቁት የሠሩት ይህን ነው።

ከቅጂዎቹ ሁሉ ዝነኛው ሜይ 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ የተቀዳው ነው። የተማሪዎች ስፖርት አዳራሽ ነው፣ ሜይ ውስጥ ሆኖ በረዶ ጥሎ ነበር። ጥሩውን ቅጂ ያስቀረችው የባንዱ ቀጂ ቤቲ ካንተር ጃክሰን ናት። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለ2011 ባወጣው ብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ተከታዩ ግን ከዚያ ከረጅም ጊዜ በፊት በየካሴቱ አባዝቶ ጨርሶታል። በዓመቱ መስከረም፣ በ1978፣ ባንዱ ከጊዛ ፒራሚዶች ሥር ሦስት ምሽት ተጫወተ። የኑቢያው ሙዚቀኛ ሐምዛ ኤል ዲን ከዘፋኞቹ ጋር መድረኩን ተጋርቷል፣ በሦስተኛው ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋረደች፣ ከአሜሪካ ድረስ ተከትለው የመጡም ነበሩ። ገንዘብ ግን አላገኙበትም።

የሚገርመው፣ መንገዱን ያጠፋው ውድቀት ሳይሆን ስኬት ነው። በ1987 «ታች ኦቭ ግሬይ» የተባለው ዘፈናቸው በአሜሪካ የሽያጭ ዝርዝር ዘጠነኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ከ20 ዓመት በላይ ሲሠሩ ከመጀመሪያዎቹ አሥር የገባላቸው ዘፈን እሱ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ያየው ሁሉ መጣ። አዲስ መጪው ስለ ካሴቱም ስለ ቲኬት ወረፋውም አያውቅም፤ ብዙው እንዲያውም አዳራሽ ለመግባት አልመጣም፣ ጉልቱን ሊያይ ነው የመጣው። ከተሞቹ ከዚያ በኋላ አንቀበልም ማለት ጀመሩ። በ1989 ባንዱ በሜዳው ላይ ማደርንና መነገድን ከለከለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሃምፕተን፣ ቨርጂኒያ ላይ ሊጫወቱ ሲሉ ሕዝብ እንዳይጎርፍ ስማቸውን ደብቀው «የቀድሞዎቹ ዋርሎክስ» ብለው እስከ ማስተዋወቅ ደረሱ። አስቡት፤ ሰው እንዳይመጣበት ስሙን የሚደብቅ ዘፋኝ! በዚያው ክረምት ሬቤካ አዳምስ የተባሉ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ግሪንስቦሮ፣ የሶሲዮሎጂ መምህርት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ባንዱን ተከትለው እየተጓዙ እዚያው ሜዳ ላይ አስተምረዋል። እንዲህ ያለ ኮርስ ቢመጣ ከኛ ማን እንደማይመዘገብ እንጃ።

ሕጉም ጠበቀ። በ1986 በወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ቅጣቱ የሚታሰበው በክብደት ነው። ኤል ኤስ ዲ ግን ራሱ ከጨው ቅንጣት ያነሰ ነገር ሆኖ ወረቀት ላይ ተነክሮ ነው የሚሸጠው። ታዲያ የሚመዘነው መድኃኒቱ ነው ወይስ ወረቀቱም ጭምር? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 በቻፕማን ጉዳይ ወረቀቱም ይመዘናል ብሎ ፈረደ። 50 ሚሊ ግራም የነበረው 5.7 ግራም ሆነና ቢያንስ የአምስት ዓመት እስራት አስከተለ። ሻጭ አልነበረም አንልም፣ ነበረ፤ በሜዳው በግልጽ ይሸጥ ነበር። ግን ወረቀት ተመዝኖ ዕድሜ ሲቆረጥ ፍትሕ ነው ለማለት አንደበታችን አይታዘዝም።

ጥፋቱን በአዲስ መጪው ላይ ጭኖ ማለፍም ቀላል ነው፤ የድሮዎቹ ተከታዮች የሚወዱት ማብራሪያ ነው። አንድ የማያነሱት ነገር አለ። ጋርሲያ በጁላይ 1986 ከስኳር በሽታ የተነሣ ራሱን ስቶ ለቀናት ተኝቷል። ጊታር መጫወትን እንደገና መልመድ ነበረበት፤ በዲሴምበር መድረክ ላይ ተመለሰ። በ1992 እንደገና ታሞ ጉዞ ተሰረዘ። ያም ሆኖ መንገዱ አልቆመም፤ ሊቆም አይችልም ነበር። ባንዱ የሚያስተዳድረው ሠራተኛ አለ፣ ቢሮ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ በጉልቱ የሚያድር ሕዝብ አለ። ሁሉም የሚወደው ሰው ነው፣ ሁሉም ደግሞ ነገም እንዲጫወት ይፈልጋል። በተረቱ ሕያው የሙቱን ዕዳ ይከፍላል። እዚህ ሕያው የሆነው ሁሉ በአንድ የታመመ ሰው ትከሻ ላይ ነበር።

ጁላይ 2 ቀን 1995 በኢንዲያና፣ ዲር ክሪክ፣ ቲኬት የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አጥር ጥሰው ገቡ። ጋርሲያን እንገድላለን የሚል ዛቻ ስለ ደረሰ የአዳራሹ መብራት ሳይጠፋ ነበር የተጫወቱት። የማግስቱ ጨዋታ ተሰረዘ። ባንዱ ለተከታዮቹ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቲኬት የሌለው እንዳይመጣ፣ ይህ ካልሆነ ጉዞው እንደሚያበቃ አስታወቀ። በሳምንቱ ጁላይ 9 ቀን ቺካጎ ሶልጀር ፊልድ ተጫወቱ። ኦገስት 9 ቀን ጋርሲያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሕክምና ማገገሚያ ቤት ሳለ በልብ ድካም ሞተ፤ ዕድሜው 53 ነበር። በዲሴምበር የቀሩት በዚያ ስም መጫወት እንዳበቃ ተናገሩ።

የቀሩት በሌላ ስም ለዓመታት ተጫውተዋል፣ ተከታይም አላጡም፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ባንዱ የራሱን ሰነድ በ2008 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ክሩዝ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ከውሉና ከደረሰኙ ጋር እነዚያ በቀለም የተጌጡ ፖስታዎች ተቀምጠዋል። ካሴቶቹ ደግሞ በሺህ እየተቆጠሩ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ገብተዋል፤ ስልክ ያለው ሰው በነፃ ያዳምጣቸዋል። ከአድማጭ መሀል የተቀዱትን እንድትመርጡ እንመክራለን። ከማይክሮፎኑ አጠገብ የቆመው ሰው ለጓደኛው የመኪናውን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ይጠይቃል፣ አንዷ ከዘፈኑ ቀድማ ትዘፍናለች፣ አንዱ ያስላል፤ ከዚያ ጊታሩ ገና መሞቅ ሲጀምር ቋ ይልና ዝም ይላል፣ ቀጂው ካሴቱን እየገለበጠ ነው።